ቁልፉ ከውጭ፣ ጉዱ ከውስጥ

ሰባት ዓመት ያላየኋትን እናቴን ልጠይቅ ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ ትኬት በቆረጥኩ ማግስት ሁለት ጓጉንቸር ገዛሁ። የነሐስ ናቸው፤ እጅ ላይ ሲያርፉ ይከብዳሉ፤ የእህል መጋዘን የሚዘጋባቸው ዓይነት። ከእኔ በፊት የሄዱ ሰዎች "ሻንጣዬ ተከፍቶ ደረሰ" እያሉ ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁ፣ የእኔን የሚከፍት ካለ እናያለን ብዬ ነበር። በዚያ ጉዞ ምን እንደደረሰብኝ የምጽፈው፣ በየገናውና በየክረምቱ ያንኑ ስሕተት የሚደግም ሰው ስለማይ ነው።

አየር መንገዱ የፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነበር። ወደ አገር ቤት ሻንጣ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ግማሹ የራስ አይደለም። ለአጎቴ መነጽር፣ ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለጎረቤት ልጆች ጫማ፣ ለወንድሞቼ ሦስት ፓወር ባንክ ገዝቻለሁ። ለታናሽ እኅቴ ደግሞ የወርቅ ሐብል። ሐብሉን በካልሲ ጠቀለልኩት፤ ካልሲውን በጫማ ውስጥ ከተትኩት፤ ጫማውን ከሻንጣው ሥር ቀበርኩት። ሌባ የሰው ካልሲ ውስጥ እጁን አይከትም የሚል የራሴ ፍልስፍና ነበረኝ።

በዋዜማው ማታ ደግሞ አደራ የሚሰጡ ሰዎች ተራ በተራ መጡ። ከእነሱ መካከል እንደ እናት የማከብራቸው ጎረቤቴ ዙሪያውን በቡናማ ፕላስተር የተገመደ ጥቅል ይዘው መጥተው "ለእኅቴ ነው፣ ቫይታሚን ብቻ ነው ልጄ" አሉኝ። ከፍቼ ልየው ማለት ነውር መሰለኝ። እንደታሸገ ከተትኩት።

በማግስቱ ሻንጣ የምትቀበለው ሠራተኛ ሻንጣዎቹን ያዘጋጀሁት ራሴ እንደሆንኩ፣ ከሌላ ሰው የተቀበልኩት ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። "ራሴ ነኝ፤ ከማንም የተቀበልኩት የለም" አልኩ። እንዴት አደርክ ሲባል እግዚአብሔር ይመስገን እንደሚባለው፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ከዚያ ጓጉንቸሮቹን አንድ ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጌ ፈትሼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ቦሌ ስደርስ ዘመድ ሁሉ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ሻንጣዎቹ እየዞሩ መጡ። የአንደኛው ጓጉንቸር የለም። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ወድቆ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም ጋሪ ላይ ጭኜ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ እናቴ አበባ ይዛ ቆማለች፣ ማን ቆሞ ዚፕ ይመረምራል? ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ በጣም ያስከፈለኝ ይህ የሁለት ደቂቃ ችኮላ ነው።

ቤት ገብተን፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሻንጣው ተከፈተ። ከልብሶቹ በላይ አንድ የታተመ ወረቀት ተቀምጧል። ከወረቀቱ ጎን ጓጉንቸሬ አለ፤ ቀለበቱ በመቁረጫ ተበጥሶ፣ የተቆረጠበት ቦታ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል። አጎቴ አንሥቶ ገለባብጦ አየውና "ይኼን የቆረጠ ሰው ክንድ አለው" አለ።

ወረቀቱ ሻንጣው ለደኅንነት ሲባል ተከፍቶ መፈተሹን የሚገልጽ ማሳወቂያ ነበር። ያኔ ያላወቅሁትን አሁን ልንገራችሁ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት በኋላ አሜሪካ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የሚባለውን፣ በምኅጻረ ቃል ቲ.ኤስ.ኤ. የምንለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ከ2002 ማብቂያ ጀምሮ በአገሪቱ አየር ማረፊያዎች ወደ አውሮፕላኑ ዕቃ ክፍል የሚገባ ሻንጣ ሁሉ ይፈተሻል። አብዛኛው በመሣሪያ ታይቶ ያልፋል። መሣሪያው የተጠራጠረው በሰው እጅ ይከፈታል፤ ባለቤቱ መጠራትም ሆነ አጠገቡ መቆም የለበትም። ቁልፉ በእነሱ መክፈቻ የማይከፈት ከሆነ ይቆረጣል፤ ለተቆረጠውም ካሳ አይከፈልም። ስለዚህ የእኔ የነሐስ ጓጉንቸር ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ እስኪቆረጥ መጠበቅ።

ለምን የእኔ እንደተመረጠ ወረቀቱ አይናገርም። ሦስቱ ፓወር ባንኮች ከቦታቸው አለመኖራቸው ግን ነገሩን ገለጠልኝ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ፣ ፓወር ባንክም ጭምር፣ ከዕቃ ክፍሉ ፈጽሞ አይገባም። እንዲህ ያለ ባትሪ ከተቃጠለ እሳቱ በቀላሉ አይጠፋም፤ መንገደኞች ባሉበት ክፍል ግን የሚያየውና የሚደርስበት ሰው አለ። ስለዚህ ቦታው የእጅ ሻንጣ ነው፤ መጠኑም ከ100 ዋት ሰዓት እንዳይበልጥ። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት የተለመደው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። ይህን ባውቅ ኖሮ ሻንጣዬ ምናልባት ባልተከፈተ።

ቀጥሎ እጄ ወደ ጫማው ሄደ። ካልሲው አለ። ሐብሉ የለም።

እገሌ ወሰደው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ስለዚህም አልልም። ጓጉንቸሩ ከተቆረጠ በኋላ ሻንጣው ያለ ቁልፍ ብዙ እጅ አልፏል፤ በመንገድም አውሮፕላን ቀይሯል። እኅቴ "ሐብል መቼ አማረኝ፣ አንተ ደህና ግባ እንጂ" አለች፤ ዐይኗ ግን ካልሲው ላይ ነበር። እናቴ "ለነፍስህ ቤዛ ይሁን" ብላ ዘጋችው።

እኔ አልዘጋሁትም። በሦስተኛው ቀን አቤት ልል ሄድኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ከሻንጣ መረከቢያው አዳራሽ ከመውጣትህ በፊት አስመዝግበሃል?" የሚል ነበር። አላስመዘገብኩም። ሁለተኛው "ዕቃው ሻንጣው ውስጥ እንደነበር ምን ማሳያ አለህ?" ምንም። ፎቶግራፍ አላነሣሁም፤ ደረሰኙም ቨርጂኒያ ቀርቷል። ቅሬታዬን በጽሑፍ ተቀበሉኝ፤ ከሳምንታት በኋላ የመጣው መልስ ግን ጌጣጌጥ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ እንደሌለበት በጉዞ ውሉ ላይ ተጽፏል የሚል ነበር። ትኬት ስንገዛ አንብበናል ብለን ምልክት የምናደርግበት ያ ረጅም ጽሑፍ መሆኑ ነው። ፈልጌ አነበብኩት፤ እውነትም አለ። ጌጣጌጥ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ሰነድ፣ ኤሌክትሮኒክስ ተዘርዝረዋል።

ከዚህ ሙግት ያተረፍኩት ዕውቀት ግን ለእናንተ ይጠቅማል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) በሞንትሪያል የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ በረራዎች በእሱ ይገዛሉ። በዚህ ስምምነት መሠረት ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግድ ነው፤ ከውስጡ ዕቃ ሲጎድልም በዚሁ ቀን ገደብ ውስጥ ማመልከት ይሻላል። ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አላችሁ። የካሳው ጣሪያ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚተምነው፣ ኤስ.ዲ.አር. በሚባለው መለኪያ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ 1,519 ሆኗል፤ ወደ ዶላር ሲመለስ 2,000 ገደማ ነው። ሕጉ ቀን ቢሰጥም ከአዳራሹ ሳትወጡ ማስመዝገብን የሚያህል የለም፤ ከወጣችሁ በኋላ ሻንጣው በታክሲ ውስጥም፣ በዘመድ ቤትም ሊከፈት ይችል ነበር የሚል ክርክር ይመጣል። ዘመድ ይጠብቅ። እናትም ትጠብቅ። ሰባት ዓመት የጠበቀች ዐሥር ደቂቃ አያቅታትም።

ሻንጣውን ስናራግፍ የጎረቤቴ ጥቅል ፕላስተሩ ተቀዶ ወጣ። ፈታሾቹ እኔ ያፈርኩትን አድርገውታል፤ ከፍተው አይተውታል። ቫይታሚኑ አለ። ከሥሩ ግን በላስቲክ የተቋጠሩ፣ ስም ያልተጻፈባቸው፣ የሐኪም ትእዛዝ የሌላቸው ነጫጭ ክኒኖች ነበሩ። የታማሚ እኅታቸው መድኃኒት መሆኑን በኋላ ደውዬ አረጋገጥኩ፤ ሴትዮዋ ክፋት የላቸውም። ነገር ግን ሻንጣው የተከፈተው እኔ ፊት ቢሆንና ይህ ምንድን ነው ብባል ምን እመልስ ነበር? ያውም "ከማንም የተቀበልኩት የለም" ካልኩ በኋላ። በአደራ ስም የሰጧቸው ጥቅል ጫት ሆኖ የተያዙ ሰዎች አሉ። ጫት እዚህ ቤት ገበያ ላይ የሚሸጥ ቅጠል ነው፤ በአሜሪካ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን የተከለከለ ዕፅ ነው፤ እንግሊዝም በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከልክላዋለች። ሻንጣው በስማችሁ ከተመዘገበ ውስጡ ያለው ሁሉ የእናንተ ነው። አሁን አደራ ሲመጣልኝ "እትዬ፣ በአየር ማረፊያ ስለሚጠይቁኝ አብረን እንየው" እላለሁ። እስከ ዛሬ የተቀየመኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጥቅሉን መልሶ ይዞት ሄደ።

የመመለሻዬ ቀን ሲቃረብ የአጎቴ ልጅ ስለ ቁልፍ ያለኝን እምነት ጨርሶ ገደለው። ሳሎን ውስጥ፣ የተረፈው ጓጉንቸር በተንጠለጠለበት ሻንጣ አጠገብ ተንበርክኮ ተራ ቢክ እስክሪብቶ አወጣ። የእስክሪብቶውን ጫፍ በዚፑ ጥርሶች መካከል ተጭኖ ሲገፋው ዚፑ እንደ አተር ክክ ተሰነጠቀ፤ እጁን ሰድዶ አንድ ሸሚዝ አወጣ። ከዚያ እንደተቆለፉ ሁለቱን የዚፕ ጆሮዎች ይዞ አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ ሳባቸው። ዚፑ ተመልሶ ተዘጋ። ጓጉንቸሩ አልተነካም፤ ምልክትም የለም። ከሃያ ሰከንድ አይበልጥም።

ታዲያ ቁልፍ አያስፈልግም? ያስፈልጋል፤ ግን ምን እንደሚሠራ አውቆ ነው። ዚፑ በግፊት ብዛት በራሱ እንዳይከፈት፣ የሚያልፍ እጅም በቀላሉ እንዳይገባ ያግዳል። አሁን የምጠቀመው ቲ.ኤስ.ኤ. የሚቀበለውን ዓይነት ነው። ባለ ሦስት አኃዝ ሆኖ ከጎኑ ትንሽ የቀይ ዳይመንድ ምልክት አለው፤ የችቦ ምልክት ያለበትም ሌላ ዓይነት አለ። አንድ የቁልፍ ቀዳዳ አለው፤ ቁልፉ ለእኛ አይሰጥም፣ ፈታሾቹ ዘንድ ነው ያለው፤ ከፍተው መልሰው ይዘጉታል። ይህ ማለት ግን የማይደፈር ነው ማለት አይደለም። የእነዚያ ዋና ቁልፎች ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጥቶ፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ከፎቶግራፉ ላይ አስመስለው በሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያ ሠርተዋቸዋል። አንዳንዱ ቁልፍ በዋናው ቁልፍ ሲከፈት ቀይ ምልክት ያሳያል፤ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ዚፕ የሌለው፣ በጠርዙ ገጥሞ የሚዘጋ ጠንካራ ሻንጣ ደግሞ የቢክ እስክሪብቶ አይሠራበትም፤ ክብደቱ ግን ከኪሎው ይበላል።

በመመለሻዬ እናቴ እንደ እናት ሁሉ ሻንጣውን ሞላችው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ድርቆሽ፣ ማር። ቦሌ ላይ ሻንጣ በፕላስቲክ የሚጠቀልሉ ስላሉ በጥብቅ አስጠቀለልኩ፤ ከዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ 26 ኪሎ ተኩል። የከፈልኩበትን ፕላስቲክ በምላጭ ቀድጄ ወለል ላይ ተንበረከኩ። አስቀድሞ መዝኖ ኋላ ማስጠቅለል መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም፤ የመጣው መጣ ብዬ አራት ኪሎ በርበሬና ማሩን ወደ እጅ ሻንጣዬ አዛወርኩ።

ፍተሻው ላይ ሻንጣዬ ወደ ጎን ወጣ። ፈታሿ ከፈተችው፤ የበርበሬው ሽታ ሰልፉን ሁሉ አስነጠሰው። "ወንድሜ፣ በርበሬው ምንም አላጠፋም" አለችኝ፤ "ዱቄት መሆኑ ነው ችግሩ።" ከ2018 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት፣ አንድ የለስላሳ ጣሳ ከሚይዘው በላይ ማለት ነው፣ በእጅ ሻንጣ ሲያዝ ተጨማሪ ምርመራ አለበት፤ ምንነቱ በምርመራው ካልተረጋገጠ አይሳፈርም። ማሩ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ በእጅ አይያዝም። ወንድሜ ከውጭ ቆሞ ስለነበር ደውዬ ጠራሁት፤ ተመልሼ ወጥቼ ማሩንና በርበሬውን አስረከብኩት። የሸኛችሁን ሰው ፍተሻውን እስክትጨርሱ አታሰናብቱት፤ ወንድሜ ሄዶ ቢሆን ኖሮ የእናቴ የአንድ ወር ልፋት ቅርጫት ውስጥ ይገባ ነበር።

የመጨረሻው ደግሞ አሜሪካ ስደርስ ጠበቀኝ። በመጀመሪያ ባረፍኩበት የአሜሪካ ከተማ፣ ገና ሌላ በረራ ቢቀረኝም፣ ሻንጣን ተረክቦ በጉምሩክ አሳልፎ እንደገና ማስረከብ ግዴታ ነው። ምግብ ይዘሃል ወይ ስባል "አዎ፣ ቡና፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ" አልኩ። በዚህ ጊዜ እውነቱን መናገሬ ነው፤ ወይም እውነት የመሰለኝን። ሻንጣዬን ከቀበቶው ላይ ሳወርድ ጆሮው የተንጠለጠለ አንድ ትንሽ ውሻ መጥቶ አሸተተውና ቁጭ አለ። ቁጭ ማለቱ የእሱ ንግግር ነው። መኮንኑ ሻንጣውን ሲፈትሽ ከቡናው ከረጢት መካከል፣ በሦስት ላስቲክ የተጠቀለለ ቋንጣ ወጣ። እናቴ ሳትነግረኝ ከትታዋለች፤ "ይከለክለኛል" ብላ።

ሥጋ አይገባም፤ የደረቀም ቢሆን። ምግብ መያዜን አስቀድሜ ማመኔ ጠቀመኝ መሰለኝ፣ ቋንጣው ተወስዶ እኔ በተግሣጽ አለፍኩ። ክጄ ቢሆን ኖሮ መቀጮ ነበረው። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ዝም አለችና "ውሻው በላው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሻንጣ የምዘጋው እኔ ብቻ ነኝ፤ እናቴም ብትሆን ከዘጋሁ በኋላ አትነካውም። ከመዝጋቴ በፊት ክፍቱን ሻንጣ ፎቶግራፍ አነሣለሁ፤ ዋጋ ያለውን ዕቃ ደረሰኝ በስልኬ አስቀራለሁ፤ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ባለ ዐሥር አኃዝ ቁጥርም እንዲሁ። ስሜንና ስልኬን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እጽፋለሁ፣ የውጭው ተቀድዶ ሊወድቅ ስለሚችል። ወርቅ፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ሰነድ፣ ባትሪ ከእጄ አይለዩም። ሻንጣውን ስረከብ ዚፑን ዙሪያውን በጣቴ እዳስሳለሁ። ሰው ሲያየኝ ቢስቅም ግድ የለኝም።

የተረፈውን ጓጉንቸር እናቴ ወሰደችው። የጓዳዋን ቁም ሳጥን ትዘጋበታለች፤ በርበሬዋ እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት ደወለችልኝ፤ ቁልፉ ጠፍቶባታል፣ ትርፉ አንተ ጋር ነው ወይ? ፈልጌ አገኘሁት፤ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ ኖሯል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ልጅ አገኘሁና በፖስታ አድርጌ፣ አሽጌ፣ "አደራ" ብዬ ሰጠሁት። ልጁ ፖስታውን በጣቱ ዳሰሰ። ብረቱ ተሰማው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለ፣ "አብረን ከፍተን እንየው?"